ነቅተው ያደሩት ምስክር

መነጽር ሠሪው ሞቶ የተገኘው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ያገኘችው አዲስ መነጽሯን ልትወስድ የመጣች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ደረጃውን ወጥታ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ስታየው «ቤቶች!» ብላ ገባች። ቀጥሎ የጮኸችው ጩኸት መንገድ ማዶ ያለውን ፀጉር አስተካካይ ምላጩን አስጥሎታል።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ሟቹ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ማጅራቱን የተመታበት ትንሽ የብረት ሞርሳ፣ የዕቃ ማጥበቂያው፣ አጠገቡ ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል ወፍራም የመነጽር መስታወት ተሠርቶ ሳያልቅ ተቀምጧል፤ የደንበኛው ስም በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ሥሩ ተደርጓል። መስታወት መሞረጃው ማሽን ግን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የለውም።

«ቺንጋው የት ሄደ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«የለም» አለ ሳጅኑ፣ ጉልበቱን እያራገፈ። «መሳቢያው ውስጥ፣ አልጋው ሥር፣ ያላየሁት ቦታ የለም። ሰው ገድሎ ቺንጋ ይዞ የሚሄድ ሌባ ደግሞ ዛሬ ገና ሰማሁ።»

«ለማንም እንዳትነግር። ለሚስትህም።»

ኢንስፔክተሩ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። የሚያየውንና የሚሰማውን ሁሉ ይጽፋል፤ ጭንቅላቱን ማመን ካቆመ ቆይቷል። ከሁለት ዓመት ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞር ብሎታል። ምክንያቱን ራሱም አያውቀውም። ጤናው ደህና፣ ልጁ ደህና፣ ሥራው እንደ ማንኛውም ሰው ሥራ ነው። ራሱን ትራስ ላይ ሲያሳርፍ ግን ዓይኑ ወለል ይላል። ያን ዕለትም ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳልተኛ እርግጠኛ ነበር።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ፎቁ ላይ የነበረው መነጽር ሠሪው ብቻ ነው። ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር አንዲት አሮጊትና የእህታቸው ልጅ ይኖራሉ፤ ከኋላ በኩል ደግሞ የዳቦ መኪና ሹፌር ከሚስቱ ጋር። የግቢው በር ከምሽቱ አራት ሰዓት ይቆለፋል። ቁልፍ ያላቸው ተከራዮቹና የሟቹ የድሮ ሸሪክ፣ የዓይን መርማሪው ናቸው። ሐኪሙ ሟቹን አይቶ፣ ከምሽቱ አምስት እስከ ሌሊቱ አሥር ባለው ውስጥ ነው የሞተው አለ።

«ደረጃው የሚያልፈው በአሮጊቷ፣ በእትዬ ግድግዳ ነው» አለ ሳጅኑ። «እሳቸው ሳይሰሙት የሚወጣ ሰው የለም። አይተኙም አሉ።»

«አይተኙም ማለት?»

«አይተኙም ማለት ነዋ! አሥራ አንድ ዓመታቸው። ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክራል።»

ኢንስፔክተሩ እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ እንደ ዘመድ ነው ልቡ የሚቀርበው። ወዲያው ወረደ።

እትዬ ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። የአልጋቸው ራስጌ ከደረጃው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል፤ አጠገቡ ያለው መደርደሪያ ደግሞ ትንሽ መድኃኒት ቤት ነው የሚመስለው።

«ይሄ ሁሉ ለእንቅልፍ ነው?» አላቸው።

«እንቅልፍ ቢመጣበት ኖሮ ለእንቅልፍ ነበር» አሉ እትዬ። «ይሄ የአበባ ሻይ ነው፤ ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲያመላልሰኝ ያድራል። ይሄ ትራስ ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት ነው፤ ያስነጥሰኛል። ለማስነጠሱ ይሄን የአለርጂ ክኒን ሰጡኝ፤ እንቅልፍም ያመጣል ብለው። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ አፌን ሲያደርቀኝና ሲያደነዝዘኝ ዋለ እንጂ ሌሊቱንማ ቁልጭ ብዬ አደርኩ። ወተት ጠጣሁ። እግሬን ሙቅ ውሃ ዘፈዘፍኩ። ከሺህ ወደ ታች ቁጠሪ አሉኝ፤ ዜሮ ደርሼ የሚቆጠር አጣሁ።»

ኢንስፔክተሩ ሳያስበው ሳቀ። ከሺህ ወደ ታች እሱም ቆጥሯል።

«እንግዲህ የሰኞን ሌሊት ይንገሩኝ፣ እትዬ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ማሽኑ ይጮህ ነበር። ዚዝ… ዚዝ… ያንን ወፍራም መስታወት ሲሞርድ ሦስት ቀኑ። አምስት ተኩል ላይ የእህቴ ልጅ ተነሥቶ ወጣ። ድምፃቸው ከፍ ከፍ አለ። ማሽኑ ቆመ። ልጁ ወረደ፣ ክፍሉ ገባ። ከዚያ እስኪነጋ ድረስ በዚህ ደረጃ የወጣ፣ በዚህ በር የገባ የለም።»

«ሹፌሩስ? በሌሊት ነው ሥራ የሚገባው ይባላል።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚወጣው፤ የቦቲ ጫማው ይሰማኛል። ሰኞ ሌሊት ግን ዕረፍቱ ነው። አልወጣም።»

«እትዬ፣ ምን እያሉ እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ» አሉ። «አሳድጌዋለሁ። ትንኝ አይገድልም። ግን የሰማሁት ይሄ ነው፤ ያልሰማሁትን ከየት ላምጣ?»

የእህታቸው ልጅ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ማተሚያ ቤት ይሠራል። በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ከሥራው አመጡት። ጣቶቹ ላይ ቀለም አለ። ጣቢያው ውስጥ የጃኬቱ ኪስ ሲፈተሽ የማሽኑ ቺንጋ ተጠቅልሎ ተገኘ።

«እሱን እኔ ነኝ የነቀልኩት» አለ ልጁ። «ሦስት ሌሊት ለመንኩት። ‹ቸኩያለሁ፣ ለሰው ነፍስ ነው› ይለኛል። አክስቴ ከመቃብር የወጣች መስላለች! ጠዋት እመልስልሃለሁ ብዬ ቺንጋውን ነቅዬ ወረድኩ። ሰድቦኛል፤ ግን በሕይወት ነበር።»

«ጠዋት ለምን አልመለስክለትም?»

«ረፈደብኝ። ረሳሁት።»

«ከአንተ በኋላ የወጣ ሰው የለም ይላሉ አክስትህ።»

ልጁ ቀና አለ። የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። «አክስቴ አትዋሽም» አለ። ከዚያ ወዲያ ቢጠይቁት፣ ቢቆጡት፣ ውሃ ቢሰጡት አንድ ቃል አልወጣውም።

ሳጅኑ እጁን አጨበጨበ። «አለቀ! ጠብ አለ፣ ስድብ አለ፣ ቺንጋው ኪሱ ውስጥ ነው፣ የገዛ አክስቱ መሰከረችበት። ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ እናስረክብ።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ ኢንስፔክተሩ። የልጁ አፍ መከፈትና መዘጋት ከንክኖታል።

ረቡዕ ዕለት ወደ ዓይን መርማሪው ክሊኒክ ሄደ። ሰውዬው ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ፊደል ከትልቅ ወደ ትንሽ ከተደረደረበት ሰሌዳ ሥር ቆሞ ተቀበለው። ደንበኞች ዓይናቸውን እሱ ጋ ይመረመራሉ፣ መነጽራቸውን ሟቹ ይሠራላቸዋል። ሰውዬው ሐዘን ገብቶታል፤ ወይም ያስመስላል።

«ሰኞ ሌሊት የት ነበርክ?»

«አልጋዬ ላይ ነዋ። እኔም እንቅልፍ ያስቸግረኛል። ሦስት ሰዓት ላይ ክኒን ወሰድኩ፣ እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት የት እንደነበርኩ አላውቅም። ሚስቴን ጠይቃት።»

«ቁልፍ አለህ።»

«እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው። ለመሆኑ ያንን ልጅ ይዛችሁት የለ? የሰው ማሽን ቺንጋ ነቅሎ የሚሄድ ልጅ ከዚያ የባሰም አይሳነውም። ምስኪን ሸሪኬ!»

ኢንስፔክተሩ ጻፈ። ዓይኑ እየተጨፈነ ስለነበር እጁ የጻፈውን ጭንቅላቱ አላየውም። ሚስቲቱም ስትጠየቅ ባሏ ክኒኑን ሲውጥ ማየቷን ተናገረች። የሚተኙት ግን በየክፍላቸው ነው፤ ማንኮራፋቱ አይቻልም አለች።

ወደ ቢሮው ሲመለስ የእትዬ መድኃኒት የሚገዛበትን መድኃኒት ቤት አገኘና ገባ። ባለሙያዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ቀልድ የምትወድ ሴት ናት።

«እንደ እትዬ ያለ ሰው የአለርጂ ክኒን ውጦ፣ ሳይተኛ ሊያድር ይችላል?» አላት።

«ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያጋድማል፤ ሰውነት ሲለምደው ድንዛዜው ብቻ ይቀራል። ለአሮጊት ደግሞ ጨርሶ አልመክረውም፤ ያደናግራል፣ ይጥላል። ሁለት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ይሻላቸዋል?»

«ለእሳቸው ነው ለአንተ?» አለችና ዓይኑን አየችው። «ክኒኑ ለጥቂት ቀን ዱላ ይሆናል እንጂ እግር አይሆንም። በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሣት፣ አልጋ ላይ ተጋድሞ አለመታገል፣ ካልመጣ ተነሥቶ ወንበር ላይ መቀመጥ። ሰው ግን ይሄን ስነግረው ‹በዚህማ አልከፍልሽም› ይለኛል። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አልተኛሁም የሚል ሰው ሁሉ አልተኛም ማለት አይደለም።»

«ይዋሻል እንዴ?»

«አይዋሽም። የነቃበትን ያስታውሳል፤ የተኛበትን ማን ያስታውሳል? ቁራጭ ቁራጩን ሲሰፋው ሌሊቱ በሙሉ ንቃት ይሆንበታል።»

ኢንስፔክተሩ አመስግኖ ወጣ። የሌላ ሰው ነገር መስሎት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ከመኝታ ቤቱ ሲወጣ ሴት ልጁ ወለል ትወለውላለች። ግቢው በቅጠል ተሞልቷል፤ የመስኮቱ አንድ መስታወት ተሰብሯል።

«ምን ሆነ?»

«አባዬ፣ ቀልደኛ!» አለች። «ስምንት ሰዓት ላይ በረዶ ወረደ እኮ፤ ቆርቆሮው ሊበሳ ነበር። ልብሱን ከገመድ ላይ እየሮጥኩ ሳወርድ፣ በሩን ደብድቤ ጠራሁህ።»

«አልተኛሁም እኮ! ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ሳይ ነው ያደርኩት።»

«እያንኮራፋህ ነዋ ያየኸው!»

ተናደደ። የምር ተናደደ። ሁለት ዓመት የተሸከመውን ነገር ልጁ በመወልወያ ጠርጋ የጣለችበት መሰለው። ከዚያ የተሰበረውን መስታወት አየ። ይህን ሁሉ ጫጫታ አልሰማም። እየማለ ነበር፤ ፍርድ ቤት ቢያቆሙትም ይምል ነበር። ጫማውን እንኳ በወጉ ሳያስር ወጣ።

የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሰኞ ሌሊት በእትዬ በር ያለፈና እትዬ ያልሰሙት ነገር። የሹፌሩ ሚስት ማክሰኞ ዕለት የሰጠችው ቃል «ዕረፍቱ ነበር፤ ስነሣ እናቱን ሊጠይቅ ወደ ገጠር ሄዷል» የሚል ነው። ስነሣ! መቼ እንደሄደ አላየችም ማለት ነው። ዳቦ ቤቱ ደወለ። የመውጫ መዝገቡን ያዩት ሰውዬ መልሱን ሰጡት፤ ሰኞ ሌሊት ሌላ ሹፌር ስለታመመ የእኛው ሹፌር ተጠርቶ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መኪና አስነሥቷል።

ሹፌሩ ከገጠር የተመለሰው ሐሙስ ቀትር ላይ ነው። የሆነውን አልሰማም። ሲነግሩት በሩ ደጃፍ ላይ ቁጢጥ አለ።

«በስመ አብ! ያን ሌሊት ስወጣ እኮ የዓይን መርማሪው ከደረጃው ሲወርድ አግኝቼዋለሁ። እንደምን አደርክ አልኩት፤ አልመለሰልኝም። እንቅልፍ ይዞት ነው ብዬ አለፍኩ። ዳቦውን አድርሼ በዚያው ወደ ገጠር ሄድኩ።»

«በእትዬ በር ነው ያለፍከው?»

«ሌላ መንገድ የት አለ? በቦቲዬ ነው ያለፍኩት።»

«አልወጣም ብለዋል እኮ።»

ሹፌሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጌታው፣ እትዬ ይተኛሉ። ግቢው በሙሉ ያውቃል። ያንኮራፋሉም። ‹ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማሁህ› ይሉኛል፣ ቤቴ ተኝቼ ባደርኩበት ቀን እንኳ! እኔም ‹አዎ እትዬ፣ ረበሽኩዎት› እላለሁ። ልጁ ነው ያስማለን። አንድ ጊዜ ‹ስትተኚ ሰምቼሻለሁ› ብሏቸው ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሱም። ከዚያ በኋላ በዚህ ግቢ ‹ተኙ› የሚባል ቃል ክልክል ነው።»

ኢንስፔክተሩ አሁን የልጁ አፍ ለምን እንደተዘጋ ገባው። በይሉኝታ የተሠራ ውሸት፣ ዞሮ ልጁን በወህኒ በር ላይ አቁሞታል።

ቢሮው ገብቶ ማስታወሻውን ከመጀመሪያው ገጽ አነበበ። የራሱን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አየው። «የሰው ማሽን ቺንጋ ነቅሎ የሚሄድ ልጅ።» ሳጅኑን ጠራው።

«ስለ ቺንጋው ለማን ነገርክ?»

«ለማንም! ለሚስቴም አልነገርኩም፤ ሁለት ቀን አልተነፈስኩም።»

እትዬም አያውቁም ነበር፤ የሰሙት ማሽኑ መቆሙን ብቻ ነው። ቺንጋውን ልጁ እንደወሰደው ለዓይን መርማሪው ሊነግረው የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ልጁ ከወረደ በኋላ በሕይወት የነበረው መነጽር ሠሪ። ቁራጭ ወረቀቱ ላይ ያለው ስምም ተጣራ። የከባድ መኪና አሽከርካሪ ነው። መንጃ ፈቃድ ቢሮ ያለው ማስረጃ ግን ዓይኑ ፍጹም ጤነኛ ነው ይላል፤ የፈረመው የዓይን መርማሪው ነው። ሟቹ «ለሰው ነፍስ ነው» ያለው ለካ እውነቱን ነው። አሽከርካሪው በዚያ ዓይኑ መንገድ እንዳይወጣ መነጽሩን ሊያደርስለት፣ ሸሪኩንም ሊከስስ ነበር።

የዓይን መርማሪውን አምጥተው አስቀመጡት። ላብ አሰመጠው፤ ግን አልተረታም። «ሹፌሩ የልጁ ጎረቤት ነው» አለ። «ቺንጋውን ከሰፈር ሰማሁ። እኒያ አሮጊት ማንም አልወጣም ብለዋል፤ የእሳቸውን ቃል ውሸት ነው በሉና እንይ።»

ዐቃቤ ሕጓ በስልክ ያለችውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። «ሁለት ምስክር ይዘህ ሁለቱ ይጣረሱብሃል። ሴትዮዋ ቃላቸውን ካላነሡ ልጁን አልፈታም። እስከ ነገ ሦስት ሰዓት።»

ዓርብ ጠዋት እትዬ ጣቢያው መጡ። ኢንስፔክተሩ ሌሎቹን አስወጥቶ በሩን ዘጋ። ስለ ሹፌሩ፣ ስለ ቦቲው፣ ስለ ዳቦ ቤቱ መዝገብ አንድ በአንድ ነገራቸው።

«ሐሰት ነው» አሉ።

«እኔም በረዶ ሲወርድ አልሰማሁም፣ እትዬ። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቻለሁ ብዬ ስምል ነበር።»

«እርስዎ ሌላ ነዎት! እኔ አልተኛሁም። ሁላችሁም ተማክራችሁ…» አቋረጡ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ጭምቅ አድርገው ያዙት። «የግቢው ሰዎች ያውቁ ነበር? ልጁም?»

«ያውቅ ነበር። ሦስት ቀን ታስሮ ትንፍሽ አላለም።»

ውጭ ኮሪደሩ ላይ የሰው ኮቴ ሲመጣና ሲሄድ ይሰማል። ሲናገሩ ወደ ኢንስፔክተሩ አላዩም።

«ባለቤቴ የሞተው አጠገቤ ተኝቶ ነው። ሥራ ውዬ ደክሞኝ ነበር፤ እንደ ግንድ ነው የተኛሁት። ጠዋት ስነቃ ቀዝቅዟል። እጁ የሌሊት ልብሴን እጅጌ ይዟል። ጠርቶኝ ነው። እየጎተተ ጠርቶኝ አልሰማሁትም። ሠላሳ ዓመት የሰው ጥሪ ስሰማ የኖርኩ ሴት፣ የባሌን አልሰማሁም። ከዚያ ወዲያ አልተኛሁም። እንዴት ብዬ እተኛለሁ?»

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገ። መግፋቱ ራሱ አሳፈረው።

እትዬ ብዕሩን አነሡ። «ምን ብዬ ልጻፍ?»

«የሆነውን።»

በትላልቅ ፊደል፣ ቀስ ብለው ጻፉ። ተኝቼ ነበር። ፈረሙና ብዕሩን አስቀመጡት። የዓይን መርማሪው ያንን ወረቀት ሲያሳዩት ጠበቃ ጠየቀ፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ሁሉንም ተናዘዘ።

ልጁን ሲያመጡት አክስቱ አልተነሡም። እሱም በሩ ላይ ቆመ። ጢሙ አድጓል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ይቅር በለኝ» አሉ። «ልዋሽብህ አልነበረም። የተኛሁ አልመሰለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ጋሼህ የሞተ ሌሊትም ተኝቼ ነበር። ጠርቶኝ አልሰማሁትም። ይሄን ነግሬህ አላውቅም።»

ልጁ ወደ ውስጥ ገባና ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አለ።

«አልጠራሽም» አለ።

«ምን?»

«አልጠራሽም፣ አክስቴ። ነቅቼ ነበር። በማግስቱ ፈተና ነበረብኝ፤ በሩም ክፍት ነበር። ጋሼ ተነሥቶ ውሃ ጠጣ። ብርድ ልብስሽን ወደ ላይ ሳብ አደረገልሽ። ተመልሶ ተኛ። ማንንም አልጠራም።»

«እጅጌዬንስ?»

«እጅጌሽን ይዞ አይደል ሁልጊዜ የሚተኛው? ጠዋት ሻይ ሳመጣላችሁ አየው አልነበር?»

እትዬ ልጁን ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ኢንስፔክተሩ መለሱ።

«እርስዎ ሰው ሲዋሽ ያውቃሉ። ሥራዎ ነው። እውነቱን ነው?»

ኢንስፔክተሩ ልጁን አየው። ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ፊት ሲያነብ ከርሟል። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ አንድ ሌሊት። ቢጠይቀው ሊያጣራው ይችላል፤ የፈተናውን ቀን፣ የውሃውን ብርጭቆ፣ የበሩን አቅጣጫ። በዚያ ሳምንት የሦስት ሰው ቃል አፍርሷል። ልጁ ዓይኑን አልሰበረም፤ ግን በቀለም የጠቆሩት ጣቶቹ የአክስቱን ወንበር ጠርዝ አጥብቀው ይዘዋል።

«እውነቱን ነው፣ እትዬ» አለ።

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደጋግመው ነቀነቁ። ከዚያ የልጁን ትከሻ ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ደክሞኛል» አሉት። «ቤት ውሰደኝ፤ ልተኛ።»